ድንጋዬን ከወረፋ ያነሡብኝ ጊዜ

እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል አንድ ነው፤ ድንጋዬን ከወረፋ አንሥተው ቦይ ውስጥ ጣሉት። ሌላው ሁሉ፣ ብርዱም፣ ምልልሱም፣ «ማዘር፣ ማዘር» መባሉም የመጣው ከዚህ ነው። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። ልጆቼም ስቀዋል። የሚስቅ ሰው ወይ ወረፋ ይዞ አያውቅም፣ ወይ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይይዝለታል።

ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ አገር ወረፋ የሚያዘው በእግር ብቻ አይደለም። ለስኳር፣ ለዘይት፣ ለላምባ፣ ቧንቧው ሲደርቅ ለውሃ ስንሰለፍ ነው ያረጀነው። ሰው ደግሞ ልጅ አለው፣ ሥራ አለው፣ ሶላት አለው፣ ቤት ውስጥ የታመመ አለው። ስለዚህ ድንጋይ ያስቀምጣል። ከፊቱና ከኋላው ላለው ሰው «ይቺ የኔ ናት፣ አደራ» ይልና ይሄዳል። በሩ ተከፍቶ ተራው ሲደርስ ካልተገኘ ድንጋዩ ድንጋይ ነው፤ ማንም በእግሩ ገፍቶት ያልፋል። በሩ እስኪከፈት ግን ድንጋዩ ሰውየው ራሱ ነው። ሌባ እንኳ ያከብረዋል። ጀሪካን ሲሰረቅ አይቻለሁ፤ የሰው ድንጋይ ሲነሣ ግን እስከዚያ ቀን አላየሁም።

የኔ ድንጋይ ከቦርከና ወንዝ የወጣች ናት። ጥቁር ሆና ወገቧ ላይ ነጭ መቀነት የታጠቀች ትመስላለች። ኮምቦልቻ፣ ሰፈሬ ውስጥ፣ የማያውቃት የለም። ስኳር መጣ በተባለ ቀን ሰው እኔን ሳይሆን እሷን ያያትና «እትዬ ቀድመውናል» ይባባላል። ደሴ ስወጣም በዘንቢል ይዣት ወጣሁ። የሚኒባሱ ረዳት ዘንቢሉን ሊያቀብለኝ ሲያነሣ ክብደቱ አስደነገጠው።

«እናቴ፣ ደሴ ድንጋይ አለቀ እንዴ?»

«ደሴ ድንጋይ ሞልቷል፤ የኔ መሆኑን የማውቀው ድንጋይ ግን የለም» አልኩት።

የወጣሁት ለሳይክል ነው። በየዓመቱ ከደሴ ተነሥቶ ኮምቦልቻ የሚወርድ የሳይክል ጉዞ አለ። የሚገኘው ገንዘብ ለኩላሊት ሕሙማን እጥበት ይውላል። ውድድር አይደለም፤ የሚሸለም የለም። ሰዉ ቢጫ ካናቴራ ለብሶ፣ ደረቱ ላይ ቁጥር ለጥፎ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ተከታትሎ ይወርዳል። መኪና እስኪያልፉ ድረስ ይታገዳል። መንገዱ ብዙ ሰው አይችልም ስለሚሉ ቦታው የተወሰነ ነው፤ ፈላጊው ግን ወሰን የለውም። ሳይክል መንዳት ቀርቶ መግፋት የማይችል ሰው እንኳ ካናቴራውን ይፈልገዋል። ባለፈው ዓመት አንዱ ለብሶት ሠርግ ሲመጣ አይቻለሁ።

እኔ ካናቴራ ፈልጌ አይደለም። ታናሽ እህቴ ኩላሊቷን ከታመመች ወዲህ በየሳምንቱ ከኮምቦልቻ ደሴ ለእጥበት ትመላለሳለች። ያን ጠመዝማዛ ስትወጣው እየፈራች ነው፣ ስትወርደው ደክሟት ዓይኗን ጨፍና ነው። እኔ በወጣትነቴ ኮምቦልቻ ጨርቅ ፋብሪካ ስሠራ በሳይክል ነበር ፈረቃ የምገባው፤ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ። ሰዉ «ሴት ልጅ ብረት ላይ ወጣች» እያለ ሲያማኝ፣ እሷ ገና ልጅ ነበረችና ከኋላዬ ተቀምጣ ወገቤን ይዛ ምላሷን ታወጣበት ነበር። ሳይክሏ አሁንም አለች። ፍሬኗን አሳድሼ፣ የጎማዋን ካላማዳሪያ ለውጬ፣ እስከ ሐርቡ እነዳታለሁ፤ ገበያም የምሄደው በእሷ ነው።

አንድ ቀን ከእጥበት ስንመለስ እህቴ ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ፣

«እታለም፣ ያንን የሳይክሉን ነገር አንቺ ለምን አትገቢበትም?» አለችኝ።

«በዚህ እድሜዬ?»

«ታዲያ ገበያ የምትሄጂው በማን እድሜ ነው? የዚያን ቀን እጥበት አለኝ። ጉዞው በሐኪም ቤቱ በር ነው የሚያልፈው፤ በሩ ላይ ወንበር አስወጥቼ እቀመጣለሁ። ይህን መንገድ ሁልጊዜ ታምሜ ነው የማየው፤ አንድ ቀን እንኳ አንቺ ስትስቂበት ልየው።»

«ኢንሻአላህ» አልኳት። ሰው ኢንሻአላህ ካለ በኋላ ወደ ኋላ ማለት የለም።

የምዝገባው ቀን ሳይነጋ ሸዋ በር ሰፈር ካደርኩበት ዘመድ ቤት ወጥቼ የአዘጋጆቹ ቢሮ በር ላይ ደረስኩ። ከኔ በፊት የነበረው ዘበኛው ብቻ ነው፤ እሱም ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቷል። ድንጋዬን ከብረት በሩ ፊት አስቀመጥኩ። ቀጥላ ነጠላዋን ያጣፋች፣ በእድሜ የኔ እኩያ የሆነች ሴት መጣች። ሐርቡ ለምታስተምር ልጇ ቦታ ልትይዝ ነው። ከዚያ አንድ ሁለት እያለ ሰው ተንጠባጠበ፤ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር አንድ ድንጋይ። የደሴ ብርድ ደግሞ የሚታወቅ ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰውን ከሰው አያሳይም።

የሱብሂ አዛን ሲሰማ፣ «እህቴ፣ ሶላቴን ሰግጄ ልምጣ፤ ድንጋዬን አደራ» አልኳት።

«እኔም ኪዳን ላደርስ ልሄድ ነው እኮ!»

«ታዲያ ማን ይጠብቅልን?»

«ያንቺ ድንጋይ የኔን ይጠብቃል፣ የኔ ያንቺን» አለችና ሳቀች። «ሁለቱም አይተኙም።»

የቀሩት ደግሞ ማዶ ሻይ ቤት ገቡ። እንዲህ አድርገን ወረፋውን ለድንጋይ ትተን ሁላችንም ሄድን። ይህን ስናገር ከሌላ አገር የመጣ ሰው ያብዳል። እኛ ግን ዘመናችንን ሙሉ እንዲህ ነው የኖርነው፤ ተበድለንበት አናውቅም።

ስመለስ በሩ ላይ መኪና ቆሟል። ከመኪናው የወረዱ ልጆች፣ ጆሯቸው ላይ ሽቦ የሰኩ፣ ከብረት በሩ ጀምሮ ተሰልፈዋል። ድንጋዬ የለችም። የማንም ድንጋይ የለም። ቦታው ተጠርጎ የመጥረጊያው መስመር ይታያል። ዞር ስል ድንጋዮቻችን ቦዩ ውስጥ አንዱ ባንዱ ላይ ተከምረዋል። የኔዋ መቀነቷን ወደ ላይ አድርጋ ተጋድማለች።

አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት አስተባባሪ በሩ ላይ ቆሟል። ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ወደ እሱ ሄድኩ።

«ድንጋዬን ማን ነው ያነሣው?»

«ምን አሉኝ ማዘር?»

«ድንጋዬን።»

«ድንጋይ ጠፋብዎት?» ከኋላው ያሉት ሳቁ።

«ድንጋዩ ቦይ ውስጥ አለ። የጠፋው ተራዬ ነው።»

ቀስ ብሎ እንደ ሕፃን ሊያስረዳኝ ጀመረ። «ማዘር፣ እኛ መኪና እንዳይገባ ሰው መንገድ የዘጋበት ድንጋይ መስሎን ነው ያስነሣነው። ደግሞ የምንመዘግበው ሰው ነው። ድንጋዩ ሲኖር እርስዎ አልነበሩም።»

«ድንጋይ የሚቀመጠው እኮ ሰው ስለሌለ ነው! እኔ ብኖር ድንጋይ ምን ይሠራልኛል?»

ክፉ ልጅ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ከትናንት ጀምሮ እህል የቀመሰ አይመስልም፣ ስልኩ ዝም አይልም፣ ሰው ሁሉ ይጎትተዋል። «እሺ ማዘር፣ ከኋላ ይሰለፉ፤ ይደርስዎታል» አለኝ። የሰልፉ ኋላ አስፋልቱን ተሻግሮ ነበር።

ዘበኛውን ጠራሁት። መጥረጊያው አሁንም እጁ ላይ ነው።

«አንተ የየት አገር ሰው ነህ?»

«የገራዶ፣ እናቴ።»

«ገራዶ ድንጋይ የለም? የወረፋ ድንጋይ አታውቅም?»

አንገቱን ደፋ። «ገራዶ ድንጋይ ሞልቷል፤ የሌለው ሥራ ነው። በሩን አጽዳ አሉኝ፣ አጸዳሁ። ሰልፍ ነው ብላቸው፣ የታለ ሰዉ አሉኝ።»

ከእሱ ጋር ምን ልጣላ? ድንጋዬን ከቦዩ አንሥቼ ከኋላ ተሰለፍኩ። ነጠላ ያጣፋችውም ሴት ከኪዳን ተመልሳ ነገሩን ስታይ እጇን አገጯ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ከጎኔ ቆመች። ፀሐይ ከአናታችን ሲደርስ ባጅ ያለው ልጅ ወጥቶ እጁን አወናጨፈ፤ «አልቋል! የዘንድሮ ቦታ አልቋል!» ከፊታችን ገና ብዙ ሰው ነበር።

ያን ቀን ወደ ኮምቦልቻ አልወረድኩም። በማግስቱም ቢሮው ሄድኩ። ባጅ ያለው ልጅ ገና ሲያየኝ ፊቱ ተለወጠ። አንድ ጊዜ «ቀሪው በኢንተርኔት ነው» አለኝ። ቅጹን በኢንተርኔት የሚሞላልኝ ልጅ ከመንገድ ይዤ ስመለስ «እሱም ተዘግቷል» አለኝ። ደግሞ «ለእርስዎ እድሜ የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል» አለ። ማስረጃውን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ዓይኑን ከወረቀቱ ወደ ዘንቢሌ አዞረ።

«ማዘር፣ እዚያ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ድንጋዬ ናት።»

«ይዘዋት ነው የሚዞሩት?»

«ለእናንተ ትቻት ብሄድ ምን እንደምትሆን አየሁ እኮ።»

«ሐረጎን ግን ያውቁታል? ቁልቁለቱ እኮ…»

«ልጄ፣ አንተ ሐረጎን በመኪና መስኮት ነው ያየኸው። እኔን ስለ ቁልቁለት አትምከረኝ፤ ስለ ድንጋዬ መልስልኝ።»

በመጨረሻ ተነሥቶ ከውስጥ ከኃላፊው ጋር ተነጋገረና ፊቱ ፈክቶ ተመለሰ። መፍትሔ አገኘሁ ብሏል ምስኪን።

«አብሽሩ ማዘር!» አለ። አይዞዎት ማለቱ ነው። ቃሏን እዚሁ ወሎ ተምሯት ነው፤ ደስ አለችኝ። «ለክብር እንግዶች ያስቀመጥነው ቦታ አለ። አንዱን ለእርስዎ። እንደውም እናታችን ተብለው መነሻው ላይ ሪባን ይቆርጣሉ። ቴሌቪዥንም ይመጣል።»

«ከኔ ኋላ ድንጋያቸው ለነበረውስ?»

«ለእነሱ የለም።»

«ያቺ ሴትዮ፣ ልጇ ሐርቡ የምታስተምረው?»

«ማዘር፣ ለሁሉም ማዳረስ አንችልም። እርስዎ ይግቡና ይገላገሉ።»

«የክብር እንግዶቹ የት ቆመው ነው ያገኙት? የትኛው ብርድ ላይ?»

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች መደርደር ጀመረ።

«እኔ ክብር አልለመንኩህም። ተራዬን ነው የጠየቅኩህ። ተራ ደግሞ ከኋላው ሰው ከሌለ ተራ አይባልም» ብዬ ድንጋዬን ይዤ ወጣሁ።

በተናገርኩት አላፈርኩም። ለእህቴ የምነግራት ነገር ግን ጨነቀኝ።

እህቴ ያን ዕለት እጥበት ላይ ነበረች። ስነግራት ክንዷ ላይ ቱቦው እንደተሰካ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

«እምቢ አልሻቸው?»

«አዎ።»

«ወላሂ አንቺ ሰው አይደለሽም! በእጅሽ ሰጥተውሽ? እኔ በር ላይ ወንበር አስወጥቼ ማንን ላይ ነው? የክብር እንግዳን?»

«እንዴት ብዬ ልውሰድ? የሰውን ተራ ረግጬ?»

«አንቺ ሐቅ ሐቅ ስትይ ዓመት ያልፋል። የከርሞውን ማን አየው? አንቺ አለሽ፤ እኔ እንጃ።»

ይህ ቃል ወጋኝ። ከጎኗ ያሉትን አልጋዎች አየሁ። እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ የእህቴ ተራ ደርሶ ሳለ የሆነ ትልቅ ሰው ስልክ ደውሎላት ሌላ ሕመምተኛ በእሷ ፈንታ ገባች። ማሽኑም ያን ቀን ተበላሸ። እህቴ እግሯ አብጦ፣ ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት ሰነበተች። ያኔ በዚህ ኮሪደር ሰው እስኪሰበሰብ ጮኼ ነበር። እሷም ማሽኑን እያየች ይህንኑ ታስብ ኖሯል።

«ያኔ የኔን ቦታ የወሰደችው ሴትዮ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ምናልባት እሷም የማን ተራ እንደሆነ አልጠየቀችም ይሆናል።»

«ሳትጠይቅ ቀረች።»

«አንቺ ግን ጠየቅሽ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሂጂ በይ። ያቺን ድንጋይሽን ይዘሽ ሂጂ። ግን ስሚ፣ ሳትወርጂ ብትቀሪ ያንን ወንበር አንቺው ራስሽ ነሽ ተሸክመሽ የምትመልሽው።»

ነጠላ ያጣፋችውን ሴት ቤቷን አጠያይቄ ጠራኋት። እሷ ደግሞ ሻይ ቤት የነበሩትን ታውቃቸዋለች፤ አንዱ አንዱን ጠርቶ ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ጠዋት ቦዩ ዳር ተገናኘን። ድንጋዮቹ እዚያው ናቸው። ማን ይወስዳቸዋል? እያንዳንዱ ወርዶ የራሱን አነሣ። አንዱ ጭቃውን በመሐረቡ ጠረገለት፤ ሌላው «ይቺ የኔ አይደለችም፣ የኔዋ ጠርዟ የተሰበረው ናት» ብሎ መለሰ። ማን ከማን ኋላ እንደነበር ለማወቅ አልተቸገርንም፤ ሁሉም የፊቱንና የኋላውን ያውቃል። ከብረት በሩ ጀምረን እንደዚያው እንደነበረው አስቀመጥናቸው። የኔዋ ከፊት። አንድ ጎረምሳ ድንጋዩን ሁለት ሰው አሳልፎ ሊያስቀምጥ ሲል ነጠላ ያጣፋችው ሴት አየችው።

«አንተ! ድንጋይህ ስፖርት ጀመረች እንዴ? ወደ ቦታዋ መልሳት!»

ሰዉ ሳቀ። እሱም ስቆ መለሳት። ከዚያ እያንዳንዳችን ከድንጋያችን ኋላ ቆምን። አልጮኽንም። ዘበኛው መጥረጊያውን ይዞ ወጣ፣ አየን፣ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በሩ ሥር ቁጢጥ አለ።

ባጅ ያለው ልጅ መጥቶ ሲያየን ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ማዘር፣ ምን ላድርግዎት? ዛሬ ደግሞ ድንጋይዋን ከነዘመዶቿ አመጧት!» ገብቶ ኃላፊውን ጠራው። ኃላፊው ጠጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ወጥቶ በሩ ፊት ቆመና ከኔ ድንጋይ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ በዓይኑ ሄደ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ፤ እኔን ሳይሆን ዘበኛውን ነው የጠየቀው።

ዘበኛው ተነሥቶ ቆመ። «ሰልፍ ነው፣ ጌታዬ። የምዝገባው ቀን ጠዋት የጠረግኩት ይህንን ነው።»

«ድንጋይ ነው ያላችሁኝ እኮ።»

«ድንጋይም ነው» አለ ዘበኛው።

ኃላፊው ወደ ድንጋዬ ጎንበስ አለ። የሚያነሣት መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ፤ ግን አልነካትም። ቀና ብሎ፣ «ይቺ የማን ናት?» አለ።

«የኔ። ሳይነጋ ነው ያስቀመጥኳት። ሶላቴን ሰግጄ ስመለስ ቦይ ውስጥ አገኘኋት። ይህን ሁሉ ቀን የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ እኔ ቀድሜ ነበር ወይስ አልነበርኩም?»

ባጅ ያለው ልጅ ጆሮው ላይ ተጠግቶ ስለ እንግዶቹ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ቴሌቪዥኑ ብዙ ነገረው። ኃላፊው እየሰማ ሰልፉን ያይ ነበር። ጉሙ መነሣት ጀምሯል፤ ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው አስነጠሰ። ሰልፉ በሙሉ «ይማርህ» አለው። ኃላፊው ፈገግ አለና እጁን አንሥቶ ልጁን ዝም አሰኘው። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ቀድመው ነበር፣ እናቴ» አለ። «ነገ መነሻው ላይ ከፊት የሚቆሙት ባለ ድንጋዮቹ ናቸው፤ እንግዶቹ ከኋላ ይሰለፉ። ካናቴራ ግን የለም።»